ለአርባው የታዘዘ ባጅ

ጦርነቱ ከወልድያ ወጥቶ ፎቶ ቤቴን እንደገና ስከፍት የመጣልኝ ሥራ የሠርግም የመታወቂያም አልነበረም፤ የሟች ፎቶ ያለበት የደረት ባጅ ነበር። ፎቶውን በከለር አትማለሁ፣ በክብ እቆርጣለሁ፣ ቆርቆሮው ላይ አድርጌ ፕላስቲክ አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ በእጅ ማሽኑ እጫነዋለሁ። ቀዩ ቀለም አልቆብኝ ስለነበር ፊቶቹ ሁሉ ወደ አረንጓዴ ያደሉ ነበር። አንድም ሰው ቅር ሲለው አላየሁም።

አንዲት ሴት ከመርሳ መጥታ የወንድሟን ፎቶ ሰጠችኝ። በሙሉ ልብስ፣ የሚዜ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ ይስቃል። አስተማሪ ነበር። ውርጌሳ አጠገብ ሞቶ ተገኘ፤ ፊቱ የሚለይ ስላልነበር አጎቷ በጃኬቱ አውቆት ቀበረው።

«ለአርባው ሃያ አድርጊልኝ» አለችኝ።

በቀጠሯችን ቀን ጠዋት ባጆቹን መስኮቱ ሥር ደርድሬ ስወለውል ብርሃኑ ጨለመብኝ። ቀና ስል አንድ ከሲታ፣ ጺማም ሰው በክራንች ተደግፎ ከመስታወቱ ውጭ ቆሟል። እኔን አያየኝም። ከአንዱ ባጅ ወደ ሌላው ዓይኑን እያሻገረ ሃያውንም አየ። ከዚያ ገባ።

«ይሄን ፎቶ የተነሳሁት በጓደኛዬ ሠርግ ነው» አለ።

«ካሜራማን ነህ?»

«ያነሳሁት አላልኩም፣ እህቴ። የተነሳሁት።»

የግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ ነበረው። ያንኑ ጠባሳ ሃያ ጊዜ ስቆርጥ ነው የሰነበትኩት። ወደ ኋላዬ አፈገፈግኩ። ሁኔታዬ ገብቶት መዳፉን ዘረጋልኝ። «ንኪኝ ግድየለም።» ነካሁት። ሞቃት ነው። ቢሆንም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም።

እግሩን ተመትቶ መሬት ለመሬት ሲሳብ፣ በሐራ በኩል ያሉ ገበሬዎች ቤታቸው ደብቀው አስታመሙት። ስልክ አይሠራም፤ ለማንም መላክ አልቻለም። ወደ መርሳ መኪና ሊፈልግ ሲያልፍ ነው የራሱን ፊት መስኮቴ ላይ ያየው። እህቱ በዚያው ቀን እንደምትመጣ ስነግረው ከፎቶ ማንሻው መጋረጃ ኋላ ተቀመጠ። «ቀስ አድርገሽ ንገሪያት። ድንገት ካየችኝ ትሞትብኛለች።»

እሷ ስትመጣ «ስለ ወንድምሽ…» ብዬ ቀረሁ።

«ቀለሙ ነው? ተይው፣ ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል» አለችና ባጆቹን ወደ ፌስታል ማስገባት ጀመረች።

ከመጋረጃው ኋላ የሳል ድምፅ ተሰማ።

እጇ ባለበት ቀረ። ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ አማተበች። «በሕፃንነቴ ክንዴን ማን አቃጠለኝ?»

«እኔ። በፈላ ወተት። እናታችንን ራሷ ደፋችው ብዬ ዋሸኋት።»

ያኔ መጋረጃውን ገንጥላ ገባች። አቀፈችው፣ መታችው፣ እንደገና አቀፈችው። እኔም በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሲረጋጉ ፊቷ በድንገት ተለወጠ።

«ታዲያ የቀበርነው ማን ነው?»

ወንድሟ ራሱ ከመመታቱ በፊት መንገድ ላይ አንድ የቆሰለ ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ አግኝቶ ጃኬቱን አልብሶት ነበር። ስሙን አልጠየቀውም።

ተዝካሩን ለዚያ ሰው ሲሉ አላስቀሩም። እኔም ተጠርቼ መርሳ ሄድኩ። እናትየው ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው እጁን ይዘው ነበር፤ ጎረቤቱ ሰላም ይለውና እንደገና ዞር ብሎ ያየዋል። ቄሱ፣ «ክርስትና ስሙን ማን ልበል?» ብለው ጠየቁ። በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሙስሊም ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባ፣ የእኛም ልጅ ሊሆን ይችላል። እርስዎ በእምነትዎ ይጸልዩለት፣ እኔም ዱዓ ላድርግለት።»

ሁለቱም አደረጉለት። እስከ ዛሬ ያንን ሰው ፈልጎ የመጣ የለም።