የግሌኒስ ሞቶች

ሚስቴ ግሌኒስ ስንቴ እንደሞተች ቆጥሬ አልዘልቀውም። ታንቃለች፣ ተመርዛለች፣ ከባሕር ተጎትታ ወጥታለች። ሜልበርን ውስጥ የፖሊስ ድራማ ሲቀረጽና የአሮጊት ሬሳ ሲፈለግ የሚደወለው ለእሷ ነው። ሥራው ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ነው። ደረት ሳይነሳ በሆድ መተንፈስ አለ፤ ዝንብ አፍንጫ ላይ ቢያርፍም ንቅንቅ የለም። አንዴ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስትለማመድ ፖስተኛው በመስኮት አይቷት አምቡላንስ ጠርቶብናል።

ሣር ላይ ኳስ እያንከባለልን ቢራ የምንጠጣበት ክበብ አለን፤ እዚያ ኔቪል የሚባል አፉ የማያርፍ ወዳጅ አለ።

«ግሌኒስ፣ ዛሬስ ማን ገደለሽ?» ይላታል።

«ያንተ ቀልድ» ትለዋለች።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁራት ነበር። ድራማው ሲያልቅ ከሚወርዱት ስሞች መሃል የእሷ የለም፤ ቃል ያልተናገረ ሰው ስሙ አይጻፍም። ባለፈው ክረምት ግን የምትናገረው ተሰጣት። በር ከፍታ መርማሪውን «እሱ እኮ እዚህ አይኖርም» የምትል ጎረቤት ሆነች። ሳምንቱን ሙሉ ለእኔም፣ ለድመቷም፣ ለማቀዝቀዣውም «እሱ እኮ እዚህ አይኖርም» ስትል ከረመች።

የቀረጻው ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ከእሷ በፊት የሚቀረጸው፣ ጃሮድ የተባለ ወጣት ተዋናይ በእናቱ ሬሳ ላይ ሲያለቅስ ነበር። ሬሳ የሆነችው ሴት እንባው ፊቷ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ዓይኗ ይርገበገባል። እንደገና ተባለ። አሁንም እንደገና። በመጨረሻ የልጁ እንባ ደረቀ። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ስለነበር ፈርቷል፤ ያሳዝን ነበር።

አዘጋጇ ታንያ ወደ ሚስቴ መጣች። «ግሌኒስ፣ አንቺ ብትተኚልን? ግን ሬሳ ሆነሽ ከታየሽ ጎረቤቷን ሌላ ሰው ነው የሚጫወታት። እምቢ ብትይ አልቀየምሽም።»

«እምቢ በያት» አልኳት በጆሮዋ። ተናድጄ ነበር።

ግሌኒስ ልጁን አየችው። «ይሄን ከእኔ የተሻለ የሚሠራ አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«እንግዲያው ኮቴን ያዝልኝ።»

ተኛች። ልጁ እጇን ይዞ ሲያያት ደርቆ የነበረው እንባ መጣለት። በጉንጯ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ ሚስቴ ፍንክች አላለችም። በአንዴ አለቀ።

ድራማው የተላለፈ ዕለት ክበባችን ውስጥ ተሰብስበን አየነው። ሲያልቅ ስሞቹ ወረዱ፤ ጎረቤቷን የተጫወተችው ሴት ስም አለ፣ የግሌኒስ የለም። ኔቪል ምን ሊል ይሆን ብለን ዞር ብንል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

«ምነው ኔቪል?» አለችው ግሌኒስ።

«አምና እናቴን ስቀብር እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር» አለ ዞር ሳይል። «ዛሬ መጣ።»

ሚስቴ ተነስታ ሄዳ እጁን ያዘችው። እኔ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ፤ ኩራቱ ደረቴን ሊያፈነዳው ደረሰ። ክበቡ ውስጥ የማያውቅ ሰው ባይኖርም፣ ወደ መጠጥ ቀጂዋ ዞሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ያቺ የሞተችው የእኔ ሚስት ናት» አልኳት።