ቤተሰቡ ያልተሟላ ፊልም አያይም

እኔ ለመተማ ልጆች ፊልም አይቻለሁ እያልሁ ስምል ነው የኖርሁት። ያየሁት ግን ጎንደር አክስቴ ዘንድ የሄድሁ ጊዜ ከሲኒማ ቤቱ ፊት የተሰለፈውን ሰው ነው። ታዲያ የዐሥር ዓመት ልጅ ነኝ፣ ማን ሊመረምረኝ? ሰልፉን አይቶ ፊልሙን መተረክ ለእኔ ከባድ አልነበረም።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። አምስተኛ ክፍል በገባሁ በሳምንቱ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጡና ከጎንደር አዲስ ፊልም በመኪና ሊመጣልን ነው አሉ። መንገዱ እንደ ደረቀ ይደርሳል፤ ተረት ነው፤ ዘፈን የሞላበት ነው፤ ልጅ ከእናት ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያየው ነው። ከኋላዬ የቆመችው ልጅ፣ የመንግሥት ፊልም ሁሉ የእርሻ ነው ሲሉ ሰምታ ኖሮ፣ ትራክተር ካለበት እኔ አላይም ብላ አንሾካሾከች። እውነቷን ነው። ትራክተርማ ከአብደራፊ እየመጣ በደጃችን ሲያልፍ ይውላል።

ከገዳሪፍ ሳሙናና ተምር እያመጣ የሚሸጥ አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ነበር። ወሬውን ሲሰማ ወላሂ እኔ አይቼዋለሁ ብሎ ቁጭ አለ። በዐረብኛ የጀመረውን በአማርኛ እየጨረሰ፣ ጀለቢያውን ሰብስቦ እየተሽከረከረ፣ ንጉሡን ሆነ፣ የንጉሡን ልጅ ሆነ፣ ፈረሱንም ሆነ። ዘፈኑንማ ተዉት፤ ተምር ሳይገዙ መሄድ ነውር እስኪመስል ድረስ ዘፈነልን። ኋላ እንደ ሰማሁት እሱም ያየው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ብቻ ኖሯል። እኔ ግን የእሱን ዘፈን ተቀብዬ፣ የራሴንም ጨምሬበት፣ ቤት ውስጥ ሳንቃርር እውል ነበር።

እናቴ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ወባ በማይለቀው አገር በእሷ መርፌ ያላለፈ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ያከብራታል፣ ትንሽም ይፈራታል። ፊልሙ ሳይመጣ ጆሮዬ አለቀ እያለች ትቆጣኛለች፤ እኔ ለተረት ጊዜ የለኝም ትላለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን የበዓል ቀሚሷን ከሻንጣ አውጥታ በከሰል ካውያ ስትተኩስ ደረስሁባት። ብል እንዳይበላው ነው አለችኝ። እሺ፣ ብል ነው አልሁ።

ችግሩ ወቅቱ ነው። መንገዱ የሚደርቀው ሰሊጡ ሲደርስ ነው፤ ሰሊጡ ሲደርስ ደግሞ ጎጃሙም ወሎውም ለአጨዳ ይወርድና ከተማው እስከ አፍ ገደፉ ይሞላል። ሰዓት እላፊ ስላለ ማታ ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ ፊልሙ በቀን፣ በባዶ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ይታያል ተባለ። መጋዘኑ ያን ሁሉ ሰው አይችልም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አሰበ፣ አሰበና፣ የቤተሰብ ፊልም ስለሆነ የሚገባው ቤተሰብ ነው ብሎ ወሰነ። ማስረጃው ስኳርና ሳሙና የምንወስድበት የቀበሌ ሱቅ ካርድ ነው። ሰዎች ካርድ እንዳይዋዋሱ ደግሞ በካርዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ በአካል ካልተገኘ አንዱም አይገባም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ጉድ በጥቅምት መጣ። ሁለት ዓመት ተኳርፈው ሽማግሌ ያቃታቸው ጎረቤቶቻችን፣ ባልና ሚስት፣ በሦስት ቀን ታረቁ። አብደራፊ ትራክተር የሚነዳ ልጅ እናትህ ታማለች ተብሎ ተጠራ፤ ሲደርስ እናቱ ተኳኩላ ደጅ ላይ ቆማለች። አንድ አዛውንት በቃሬዛ ሊወስዷቸው ቢሉ ገና አልሞትሁም ብለው ተቆጥተው፣ ከአልጋ ሳይነሡ ስድስት ወር የከረሙት ሰውዬ በከዘራ መለማመድ ጀመሩ። ስኳር እንዲበዛለት ያልወለዳቸውን አራት ልጆች ያስመዘገበ አንድ ፖሊስ ነበር፤ እሱ ደግሞ በየሰፈሩ ልጅ ሲለምን ሰነበተ።

የእኛ ካርድ ሦስት ይላል። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ። አባቴ በዚያው መጋዘን የሰሊጥ ሚዛን ሠራተኛ ነበር፤ ሰባት ዓመቴ ሳለ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ሰሜን ዘመተ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወዲህ አለም አልተባለ፣ ሞተም አልተባለ። እናቴ በየወሩ ሱቁ ሄዳ ሦስት ነን ትላለች፤ ጸሐፊውም የሦስት ሰው ስኳር ይሰፍርላታል። መርፌ የያዘን ሰው ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ወባ ይዞት ሊወጋ የመጣ ዕለት፣ ሲስተር፣ የባለቤትዎን ስም እናሰርዘውና ሁለት ሆናችሁ ግቡ ብሎ መከራት። እሷ መልሱን በመርፌ ሰጠችው። እንዴት አድርጋ እንደ ወጋችው ያወቅነው ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ ሲያነክስ አይተን ነው።

እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ ፊልም ነው የምፈልገው። ከእኔ በቀር ሁሉም ሲገባ በዐይኔ እየሄደብኝ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ድፍረቴን አሰባስቤ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብናሰርዘው፣ በማግስቱ መልሰው ይጽፉታል አልኋት። ቀይ እስክሪብቶ አንዴ ከነካ አይለቅም አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። እንግዲያው ለፖሊሱ አራተኛ ልጅ ልሁንለት፣ ጠይቆኛል አልሁ። ይሄን ስናገር እንኳ አላፈርሁም፤ አሁን ሳስበው ነው ፊቴ የሚቃጠለው።

እማዬ የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች። «አባት አለሽ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ዘፈኔንም ተውሁት።

መኪናው መጣ። ሰው መቀመጫውን ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ ተነገረ። በቀኑ እማዬ ያን የተተኮሰ ቀሚስ ለበሰች፣ ጸጉሬን አበጠረችልኝ፣ ካርዱን በመሀረብ ጠቀለለች። ከዚያ ሁለት በርጩማ አነሣች፤ ሦስተኛውን ለእኔ ሰጠችኝ። ለምን ሦስት እንደሆነ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ፊቷን አየሁና በርጩማዬን ይዤ ተከተልኋት።

በሩ ላይ ከሽንፋ ሳይቀር በእግሩ የመጣ ሰው ተኮልኩሏል። ተራችን ደረሰ። ሊቀመንበሩ ካርዱን አየ፣ እኛን አየ፣ በርጩማዎቹን ቆጠረ።

«ሦስተኛውስ፣ ሲስተር?»

«እየመጣ ነው» አለች። «ቦታ ይዘን እንጠብቀዋለን።»

ሊቀመንበሩ ካርዱን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ቆየ፤ አይሆንም ሊለን ነው ብዬ እንባዬ መጣ። እሱ ግን ወደ ጸሐፊው ዞረና «ጻፍ፤ ሦስት። ሙሉ ነው» አለው።

ገባን። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ያቃጥላል፣ የሰሊጡ አቧራ ያስነጥሳል፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ፖሊሱ የተዋሳቸውን ልጆች ጭኑ ላይ ደርድሮ ላቡ ይንቆረቆራል። በእኔና በእማዬ መካከል ያለው በርጩማ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። ሊቀመንበሩ ራሱ ፊልሙ እስኪያልቅ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ከመርፌው ነው ያሉ ነበሩ፣ እኔ እንጃ።

ከፊልሙ የማስታውሰው አንድ ነጭ ፈረስና ብዙ ዘፈን ነው። እማዬ ዋሽታኝ አታውቅም፤ እየመጣ ነው ካለች እየመጣ ነው ብዬ ዐይኔን ከመጋዘኑ በር ላይ አላነሣሁም። በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ብርሃን ይገባል፣ ከበርጩማዬ ብድግ እላለሁ፤ የሚገባው ለሽንት ወጥቶ የተመለሰ የሌላ ሰው አባት ነው። አባቴ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ የራሴን ልጆች ሳስተኛ ያንን ተረት ልነግራቸው ጀምሬ መጨረሻው ጠፋኝ። በማግስቱ እማዬ ዘንድ ሄጄ፣ ለመሆኑ ያ ፊልም በምን አለቀ ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አለችኝ። «እኔም በሩን ነበር የማየው።»