ወደ ግራ የተፈተለ ክር

በረዶ ያረጠበው የሱፍ ኮፍያ ማሞቂያው ላይ ሲደርቅ የሚያወጣው የበግ ሽታ፣ ዛሬም ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ወደነበረው የልጅነት አፓርታማችን ይመልሰኛል። ትንሿ ልጄ አፍንጫዋን ትይዛለች፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

ሽታው የጎረቤታችን የእትዬ ኢርማ ነበር። ከፔሩ ተራሮች የመጡ ሴት ሲሆኑ፣ የድሩን አንድ ጫፍ ከበረንዳው ብረት፣ ሌላውን ከወገባቸው አስረው ተቀምጠው የሱፍ ብርድ ልብስ ይሸምኑ ነበር። መንዝ ተወልዳ ያደገችው እማዬ መጀመሪያ ስታያቸው ቆማ ቀረች፤ በእሷ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ የሚሸምነው ወንድ ነው። አባዬም «እኔን በረንዳ ላይ እንዳታስሪኝ ብቻ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ እትዬ ኢርማን በረዶ አዳልጧቸው ወደቁና ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። ጀሶው ሲወጣ መሸመኑን ቻሉ፣ እንዝርት ማሾር ግን አልሆነላቸውም። በጸደይ ዴንቨር በሚከፈተው የእሁድ ገበያ በመጀመሪያው ቀን ዕቃ ይዘው ካልቀረቡ ደግሞ፣ ለዓመታት የሸጡበት ቦታ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ «ሱፉንም እንዝርታቸውንም አምጪልኝ፣ ነገ ኦፍ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሎውሪ ሰፈር ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ እያሾረች፣ እያንጎራጎረችም ትፈትል ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ጸደይ ሊገባ ሲል ልቃቂቶቹን ተሸክመን እማዬ፣ አባዬና እኔ እሳቸው ቤት ሄድን። እትዬ ኢርማ የእማዬን ክር ከራሳቸው ጋር ሊገምዱት ቢሞክሩ አልያዝ አለ፤ የእሳቸው ወደ ቀኝ፣ የእማዬ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ስለነበረ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይፈታል። የስንት ሳምንት ልፋት! የእማዬ ፊት ሲጠቁር አይቼ ልቅሶዬ መጣ። አባዬ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፣ ይሄ ግን ድመትም አያስር» ቢል ማንም አልሳቀለትም።

እትዬ ኢርማ ግን ክሩን በጣታቸው አሻሽተው፣ አሻሽተው ፈገግ አሉ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው «ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ። «በእኛ መንደር ወደ ግራ የተፈተለ ክር ለጠርዝ ነው። ክፉ ነገር አያልፈውም።»

ነገርኳት። ጸሎት የማታስታጉለው ጴንጤዋ እማዬ «የሚጠብቀው ጌታ ነው በያቸው» አለችኝ። እኔ ግን «እናቴ ደስ ብሏታል» ብዬ ተረጎምኩ።

የእማዬን ክር ለብቻው ገምደው ጠርዝ አደረጉት። የእሳቸው ክር ጥቂት ስለነበረ በዚያ ዓመት ብርድ ልብሶቹ መሃላቸው ጠበበ፣ ጠርዛቸው ሰፋ። ገበያው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ሰፊው ጠርዝ ሲጠይቅ፣ እትዬ ኢርማ እማዬን በኩራት እያሳዩ ይመልሱ ነበር። ገበያው ሳይዘጋ ጠረጴዛው ባዶ ሆነ፣ ቦታውም ለእሳቸው ጸና። በጋውን ሙሉ እማዬ ወደ ግራ ፈተለች፣ አሁን አውቃ።

ያኔ በሁለቱ መካከል የምቆመው አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ሊትልተን ከተማ፣ በእትዬ ኢርማ ልጅ ቤት ሲገናኙ እኔን የሚፈልገኝ የለም፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ ሲሳሳቁ ይውላሉ። ከብርድ ልብሶቹ አንዱ እኔ ቤት አለ። መሃሉ ሳስቷል፣ ጠርዙ ግን እንዳለ ነው። እማዬ ስትመጣ ልጄን ከምሳ በኋላ አስተኝታ ትጸልይላትና ብርድ ልብሱን ታለብሳታለች፤ ከዚያ ማንም ያላያት መስሏት፣ ጠርዙን ወደ ልጅቷ አንገት ታዞረዋለች።