እፎይ የሚባለው ዳገት

ዳገቱ መቼ እንደተቆረጠ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱ ከዓመት ተደባልቆብኛል። የማውቀው ባለቤቴ ከማረፏ በፊት መሆኑን ነው፤ ዶዘሩ ድንጋዩን ሲያነሳ አብረን ቆመን አይተናል።

ከአቃቂ ወንዝ ወደ ሰፈራችን የሚያወጣው ያ ዳገት አጭር ነበር፤ ግን ትንፋሽ ይቆርጣል። ጫፉ ላይ አንድ ሾላ፣ ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ። የወጣ ሁሉ እዚያ ሲደርስ «እፎይ!» ብሎ ቁጭ ይላል። የቦታው ስምም እፎይ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ወንዝ ዳር ጎመን ታለማ ነበርና ሸክሟን ይዛ በየቀኑ ትወጣዋለች። እኔም ከፋብሪካ ስመለስ እዚያ እጠብቃታለሁ።

አሁን ሳስበው፣ ሰውን ከሰው የሚያገናኘው የዳገቱ ድካም ነበር። ሜዳ ቢሆን ማን ይቆም ነበር? የተጣላ ሳይቀር ትንፋሹ እስኪመለስ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ዝም ተባብሎ መቀመጥ ደግሞ ያሳፍራልና «እንዴት ዋልክ» መባባሉ አይቀርም። ሰማዩ ጥርት ሲል ዝቋላ ከዚያ ይታያል። ሴቶቹ ሸክማቸውን አውርደው ወደ ተራራው ይዞራሉ፤ «አቦዬ፣ ጉልበቴን አደራ» ይላሉ።

ባለቤቴ ከቤታችን ጀርባ ከምትኖረው ጎረቤታችን ጋር በእጣቢ ውሃ የተነሳ ሁልጊዜ ትነታረክ ነበር። እፎይ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ደፋሽብኝ?» ትላለች የኔዋ።

«ጓሮሽ እንዲለመልም ብዬ እኮ ነው! ምስጋና ቢስ!»

ይሳሳቁና አንዷ የአንዷን ሸክም አንስታ ታሸክማለች። ቤት ሲደርሱ ጠቡ ይቀጥላል።

በኋላ ለከባድ መኪና መንገድ ተብሎ ሾላው ወደቀ፤ ዳገቱም ተቆርሶ ሜዳ ሆነ። በሁለት በኩል መጋዘን ተሠራ። ለጉልበት ቀለለን፤ እሱን አልክድም። ግን ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ጀመረ። ዝቋላም ከዚያ ወዲህ አይታይም። አንድ ቀን ባለቤቴ ጎመኗን ደጃፍ ላይ ዘርግፋ፣ «ምነው ይሄ ሜዳ አደከመኝ?» አለችኝ።

ስታርፍ እንዲህ ሆነ። እንደሚታወቀው አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገድ ላይ እየቆመ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ምዕራፍ ይባላል። ድሮ አንዱ ምዕራፍ እፎይ ላይ ነበር፤ ተሸካሚዎቹም እዚያ ይደክማቸዋል። ዛሬ አስከሬን በመኪና ነው የሚሄደው፤ መኪና ደግሞ አይደክመውም። እኔ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ እዚያ ቦታ እንድታርፍልኝ። ለእድሩ ዳኛ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የከባድ መኪና መንገድ ነው» አለኝ በትሕትና። «ዳገቱስ የት አለና ነው የምናሳርፋት?»

እውነቱን ነው። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ሌሊቱን ስላልተኛሁ እግሬም ምላሴም ከብዶኛል። ከመኪናው ኋላ መራመዴን ቀጠልኩ።

ቦታው ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ሊያልፍ ሲል፣ ያቺ የጀርባ ጎረቤታችን ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ከለቀስተኛው መሐል ወጣችና መኪናው ፊት እጇን ዘርግታ ቆመች። ፍሬኑ ጮኸ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?» አለ ሾፌሩ ደንግጦ።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ይቺ ሴት እዚህ ሳታርፍ አልፋ አታውቅም። አውርዷት!»

ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን ለቀቀው።

«አንተም ጠብቅ! ሲሚንቶህ አይሸሽም!»

አንዳንዱ ለቀስተኛ እያለቀሰ ሳቀ። ዳኛው ቄሱን አየ፤ ቄሱም «ትውረድ» አሉ። አስፋልቱ ዳር አወረዷት። ፍትሐቱ እስኪያልቅ የጭነት መኪኖቹ ተሰልፈው ቆሙ። እኔ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችንም አጠገቤ ተቀመጠች።

ፍትሐቱ ሲያበቃ መነሳት አቃተኝ። ብብቴን ይዛ አነሳችኝና እስከ መቃብሩ ድረስ ክንዴን ሳትለቅ ወሰደችኝ። ያን ቀን እንዴት እንደቻልኩት የሚጠይቀኝ ካለ፣ የቻልኩት እኔ አይደለሁም፤ ጎረቤታችን ናት።