የአማቴ ጦስኝ

አማቴ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ ሀዋሳ እኛ ዘንድ ሊኖሩ ሲመጡ፣ ከአውቶቡስ የወረዱት አንድ የቀለም ጣሳ አቅፈው ነበር። ውስጡ ከነአፈሩና ከነጠጠሩ የተነቀለ ጦስኝ አለ። እኔ ጦስኝ የማውቀው ገበያ ላይ ደርቆ ነው። እርጥቡ ቁመቱ ከስንዝር አይበልጥም፣ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ቀጭን ግንዱ ግን እንጨት ነው። ቅጠሎቹ ከምስር ብዙም አይበልጡም፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። አማቴ አንዷን ቀጥፈው ወደ ፀሐይ አነሱና በመርፌ የተወጋች የሚያስመስሏትን ነጠብጣቦች አሳዩኝ።

«ሽታው ያለው እዚህ ነው» አሉኝ። «ክረምቱ ሲወጣ ሐምራዊ አበባ ያወጣል። እሱ ከለመደ እኔም አገራችሁን እለምዳለሁ። ውሃ ግን አታብዢበት፤ ድንጋይ ላይ የኖረ ነው።»

እኔ የሀዋሳ ልጅ ነኝ፤ ውሃ የሚጠላ ተክል አላውቅም። ደግሞም አማቴ ምግብ ሲጨመርላቸው «በቃኝ»፣ ሻይ ሲቀዳላቸው «ይቅርብኝ» የሚሉ ሰው ናቸው። እኔ ሙጭጭ እላለሁ፣ እሳቸውም ይበላሉ። የጦስኙም ነገር ይሉኝታ መሰለኝ። እንዳያስቸግሩኝ ብለው ነው አልኩና ጠዋት ጠዋት፣ ሳይነሱ፣ በጆግ አጠጣሁት።

ግንዱ ከሥሩ ጠቆረ። ሳብ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ። እሳቸው ከልጃቸው ጋር ሐኪም ቤት በሄዱበት ሰዓት ገበያ ሮጬ ደረቅ ጦስኝ ገዛሁና አፈሩ ላይ ሰካሁት። እየሰካሁት እንኳ ፊቴ በሀፍረት ይግል ነበር።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤታችን ልትጠይቃቸው መጣች። አማቴ በረንዳው ላይ፣ ጣሳው አጠገብ ተቀምጠዋል። ቅጠሉን በጣታቸው ቢነኩት ተፈረፈረ። ቀና ብለው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምነው እማማ፣ ይሄ ነገር ደረቀ እንዴ?» አለች ጎረቤቴ።

«ውሃ ጠምቶት ነው» አሉ አማቴ፣ ፍርፋሪውን ከቀሚሳቸው ላይ እያራገፉ። «እስቲ ልጄ፣ ጠብ አድርጊለት።»

ጆጉን አምጥቼ፣ ሁለቱም እያዩኝ፣ የሞተ ጭራሮ አጠጣሁ።

እራት ላይ ባለቤቴን «ክረምቱ ሲወጣ ወደ አገሬ ልመለስ» አሉት። ለምን ቢላቸው፣ «እኔንም ጦስኜንም ሙቀቱ አልተስማማንም» አሉ።

ይኸው ክረምቱ ሊወጣ ነው። ባለቤቴ የሀዋሳን ሙቀት ያማርራል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማዋለሁ።