የመስታወት ግድግዳ

ሮማነወርቅ አሳምነው ናዝሬት ተወልዳ ናዝሬት ያደገች ናት፤ ሙቀት ያስደነግጣታል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ነው፤ መቀመጫዋን የምትመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። የሕንፃ ንድፍ ተምራ እዚያው ከተማ አንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ታዲያ ማን ይገረማል?

በ1979 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ ከምሥራቅ ጀርመን ኮምፒዩተር መጣለት። ቤቱ ገና መሠረቱ ሳይወጣ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሞቅ አስልቶ ይናገራል ተባለ፤ ጉዱን ለማየት ኃላፊዎቹ ሳይቀሩ ተጋፉ። ማሽኑ ስለ እያንዳንዱ ክፍል ይጠይቃል፣ የምትመልስለት ሮማነወርቅ ናት። የመጀመሪያ ሥራው አዲሱ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ሆነ።

የጨቅላዎቹ ክፍል ከሕንፃው መሐል ነው፤ ወደ ውጭ አንድም መስኮት የለውም። ከፊቱ ግን በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ኮሪደር አለ፤ በኮሪደሩና በክፍሉ መካከል ደግሞ ነርሶቹ ሕፃናቱን እንዲያዩ ተብሎ የመስታወት ግድግዳ ተደረገ። ሰው ሁሉ የሚጠራው እንዲሁ ነው፤ ንድፉም ላይ የተጻፈው «የመስታወት ግድግዳ» ተብሎ ነው። ማሽኑ የውስጥ ግድግዳዎቹን ሲጠይቃት ሮማነወርቅ እሱንም ከብሎኬቶቹ ጋር ደርባ አስገባችው። ማሽን ምን ያውቃል፣ የነገሩትን ነው። ግድግዳ ፀሐይ አያሳልፍምና የጨቅላዎቹ ክፍል ከሁሉ የቀዘቀዘ ነው ብሎ አረፈው።

ክሊኒኩ በተመረቀ በዓመቱ፣ በሚያዝያ ሐሩር፣ እህቷ ጽጌ ያለ ቀኑ ወንድ ልጅ ወለደች። ሮማነወርቅ ከሰዓት በኋላ አስፈቅዳ ልትጠይቃት ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ክው አለች።

ፀሐይዋ የውጩን መስታወት አልፋ፣ ኮሪደሩን አቋርጣ፣ ያንን «ግድግዳ» ከምንም ሳትቆጥረው ገብታ ሕፃናቱ አልጋ ላይ ተኝታለች። ሲስተር ሣራ፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው ስለተባለ፣ የጽጌን ልጅ ብርድ እንዳይመታው በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ትደርብለታለች። የልጁ ፊት በርበሬ መስሏል።

«ከሰዓት ሲሆን ያተኩሳቸዋል፤ ሲመሽ ይተዋቸዋል» አለች ሣራ። «ወባ ነው ብለን መድኃኒት ጀምረናል። እናቶቹ ምች ነው ይሉናል። መስኮት በሌለው ክፍል ምን ምች አለ?»

ሮማነወርቅ ልጁን ከነልብሱ አፈፍ አድርጋ በምሥራቅ በኩል ወዳለው የእናቶች ክፍል ሮጠች፤ «ሌሎቹንም አምጫቸው» ማለት የቻለችው በር ላይ ደርሳ ነው። ሣራም ግራ እየገባት ሕፃናቱን አንድ በአንድ አመጣቻቸው። ልብሱ ሲገፈፍላቸው፣ ነፋስ ሲያገኛቸው፣ ትኩሳቱ እየለቀቃቸው ሄደ። ጽጌ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

ወዲያው የክሊኒኩ ኃላፊ ጓድ ጂብሪል መጣ። «በማን ትእዛዝ ነው? የታመመ ሕፃን ከእናቶች ጋር አይቀላቀልም፤ አሁኑኑ ይመለሱ» አለ።

በዚያ ዘመን ስሕተት የሚባል ነገር የለም፣ አሻጥር ነው የሚባለው፤ አሻጥረኛ የት እንደሚገባ ደግሞ ሕፃንም ያውቃል። ሮማነወርቅ ዝም ብትል ግን ልጆቹ ወደዚያ ምድጃ ይመለሳሉ። የእህቷን ልጅ አየችው፤ ገና ያለከልካል።

«ጓድ፣ ክፍሉ ነው የሚያተኩሳቸው» አለች። «ፀሐይ በመስታወቱ ትገባለች። ስናሰላው ግድግዳ ነው ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ጽጌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጂብሪል በሩ ላይ ወዳለው ዘበኛ ዞረ።

ከጽጌ ቀጥሎ ባለው አልጋ ሻሼ የምትባል የወንጂ ሴት ተኝታለች፤ ልጇን ከትናንት በስቲያ ቀብረውላታል። እስካሁን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች።

«የኔዋ አልጋዋ መስታወቱ ሥር ነበር» አለች ሮማነወርቅን እያየች። «ወባ ነው ብለውኝ ነበርኮ።»