ከቀዩ መጋረጃ ጀርባ

የኦስሎን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋኖች ታሪክ የምንሰበስብ በጎ ፈቃደኞች ነን። አስተባባሪያችን ማሪት «እዚህ አድገሽ ኦርጋን ያለበት አንድ የድሮ ፎቶ እንኳን ታጪያለሽ?» እያለች ታደርቀኛለች።

ዛሬ አመሩድ የሚባለው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ኦርጋን ስንከፍት የአሮጌ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን መታውና መጋረጃው ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ እኛ ሐበሾች ይህንኑ ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን እናስቀድስበት ነበር። መሪጌታ ከቅዳሴ በፊት ኦርጋኑን በቀይ መጋረጃ ያስሸፍኑት ነበር። ፎቶዎቻችን ላይ ያለው መጋረጃው ብቻ ነው፤ ታዲያ ከየት ላምጣላት?

ያኔ እጄን ከመጋረጃው ስር ስሰድ መሪጌታ ከበሩ አጠገብ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ተይ ብያለሁ! የሰው ዕቃ ነው፤ ከተበላሸ ቤቱን ይከለክሉናል!»

በየሳምንቱ ያው ንዝንዝ።

አሁን ማሪት ስልኳን አውጥታ «በይ ተጫኚው፣ ድምፁን ልቅዳ» አለችኝ።

ጣቴን ዘረጋሁና፣ ሳላስበው ወደ በሩ ዞርኩ።